ከሰባቱ አራቱን ሰርዣለሁ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ፤ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ልጆቹን እናቴ ትይዝልናለች፤ በጥቅምት መጨረሻ ሁለታችን ብቻ ባሕር ዳር መጥተን ሦስት ሌሊት ለማደር አስበናል። እኔ ገዳማቱን ማየት እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ዓሣ መብላትና ሐይቅ ዳር መቀመጥ ይበቃዋል። ዝርዝር አውጥቻለሁ፦ ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ጢስ ዓባይ፣ ጎንደር። ይደርስልናል? ሴት አይገባም የሚባለውስ እውነት ነው? በመኪና እንምጣ በአውሮፕላን? ለእናቴስ ምን ይዤላት ልመለስ?»

እህቴ፣ ዝርዝርሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰባት ቦታ ጽፈሻል፤ ባለቤትሽ ግን ከሰባቱ በአንዱም ውስጥ የለም። ዓሣውም፣ ሐይቅ ዳር መቀመጡም ቀርቷል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ ይዤ በዚህ ሐይቅ ላይ ስመላለስ እንዳየሁት፣ ባልና ሚስት ለሽርሽር መጥተው ሲጣሉ ብዙውን ጊዜ የሚጣሉት በሰዓት ነው። አንዱ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ሌላው ጫማውን አስሮ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከቦታው በፊት ሰዓቱን እንያዝ። ጣና የጠዋት ነው፤ ከተማው የአመሻሽ ነው፤ ቀትሩ ለጥላና ለእንቅልፍ ነው። ባለቤትሽ በማለዳ እንዲነሣ የምጠይቀው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ለምን ጠዋት ብትይ፣ ጣና ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣሎ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ይሆንና ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ጠዋት ዘይት የመሰለው ውሃ ከቀትር በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አዲስ ሙሽሮች ይዤ ከደቅ ደሴት ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት አለፈኝ። ሙሽራው አንገቱን ከጀልባው ጠርዝ አውጥቶ ሲያስመልስ፣ ሙሽሪት አርባ አራቱንም ታቦት በየስማቸው ስትጠራ ባሕር ዳር ደረስን። ጥፋቱ የኔው ነበር፤ ምሳ ላይ አዝናንቼ አስረፈድኳቸው። ከዚያ ወዲህ እንግዳዬ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ወደብ እንዲገባ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ከዝርዝርሽ አራቱን ሰርዣለሁ። መጀመሪያ ጎንደር፤ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል። የፋሲልን ግቢ በሩጫ አይቶ መመለስ ጎንደርን መስደብ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ቀጥሎ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ። ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ ደግሞም ሴት አይገባባቸውም። ዳጋ የነዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የነዐፄ ዳዊት፣ የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ገዳም ስለሆነ ስትሰርዢው እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ናርጋ ሥላሴን ስሰርዝ ግን እኔም አመመኝ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችው ነው፣ ሴትም ወንድም ይገባል፣ ሥዕሉም ድንጋዩም ያምራል። ነገር ግን ያለው ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ በተለመደው ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ገዳም ያልጓጓ ባል ይዘሽ ስድስት ሰዓት ጀልባ ላይ አትቀመጪ። ከእኅትሽ ወይም ከማኅበርሽ ጋር ስትመጪ ናርጋን አስቀድሚ።

ሴት አይገባም የሚለው እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን በአንዳንዶቹ ገዳማት ላይ ነው። ለከተማው ቅርብ ከሆኑት ውስጥ ክብራን ገብርኤል ለወንድ ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለው ደብረ ማርያም፣ የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁለታችሁም ክፍት ናቸው። አንዳንድ ባለጀልባ «እሱ ክብራን ይውረድ፣ አንቺ እንጦስ ጠብቂው» ይላችኋል። ይቻላል፣ ደሴቶቹ ጎረቤታሞች ናቸው። ግን ገዳም ለማየት የጓጓሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ፣ ያልጓጓው ሰው ብቻውን ገብቶ «ምን አየህ?» ስትይው «ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎሽ ቢመጣ ቀኑን ሙሉ ትናደጃለሽ። ክብራንን ከውሃው ላይ እዩት፣ ሁለታችሁም እንጦስ ውረዱ።

አሁን ወደ ዘጌ። ከሦስቱ ቀን ውስጥ ዋናው ይህ ነው፤ ዓርብ ገብታችሁ ሰኞ የምትመለሱ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት አድርጉት። ዓርብና ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆኑ ቅዳሴ ካለ የሚገባው ከቀትር ጀምሮ ነው። እሑድ ደግሞ ጠዋቱ የቅዳሴ ነው። ሥዕሎቹ ያሉት መቅደሱን በከበበው ግድግዳ ላይ በመሆኑ ቅዳሴ ከገባ ጎብኚ ውጭ ይቆያል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደብ ከደረሳችሁ፣ እንደ ጀልባው ፍጥነት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ዘጌ ትገባላችሁ። መንገድ ላይ በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ካያችሁ ሞተሩን ቀስ አስደርጉት፤ ሞገዱ ያናውጠዋል። ታንኳው ከደንገል የተሠራ ነው። በአሠራሩ የታወቁት የሐይቁ ነባር ሰዎች፣ ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ደንገል ውሃ ይጠጣልና ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ በአዲስ ይተካል።

ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ዑራ ስትወጡ መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ ሩብ ሰዓት ከትንሽ ነገር ያስኬዳል። ባለቤትሽ እዚህ ደስ ይለዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፀሐይ የለም፣ ወፍ አለ። በዘጌ ማረስ ነውር ነው። እንደ ገዳሙ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡን «ሳታርሱ ኑሩ» ብለው፣ ለመተዳደሪያው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጥቶታል። ትውፊቱን የማይቀበል ሰው እንኳ ውጤቱን ቆሞ ያየዋል። ሞፈርና የከብት መንጋ ስላልገባበት፣ ሌላው የጣና ዳርቻ ተራቁቶ ዘጌ እስከ ዛሬ ጫካ ነው። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ሲመዘገብ ከሚጠቀሱት ሀብቶቹ አንዱ ይኸው ጫካ ነበር።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሐል ላይ መቅደሱ። የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም አቅጣጫ በሥዕል ተሸፍኗል፤ በሩ ሳይቀር ሥዕል ነው። እንግዳ ሲገባ ሁሉንም ልይ ብሎ አንዱንም ሳያይ ይወጣል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዐይናቸውን ቁጠሩ። በቀድሞው የሥዕል ሥርዓት ጻድቁ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ ለሃይማኖቱ ብዙም ግድ የሌላቸው ባሎች ናቸው ከሚስቶቻቸው በላይ የሚቆዩት፤ «ይኸኛው ከነማን ወገን ነው?» እያሉ ግድግዳውን ይዞራሉ። ከዚያ በላዔ ሰብእን ፈልጉት። ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ፣ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ በማጠጣቱ የዳነው ማለት ነው። ታሪኩን ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ፤ ሚዛኑ ላይ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍ በቀለም ማየት ግን ሌላ ነው። ከዑራ ወርዳችሁ አዝዋ ማርያምን ጨምሩ። በዘጌ ሦስተኛ ቤተ ክርስቲያን አትጨምሩ፤ ከሁለት በኋላ ዐይን ይደክማል።

ባልና ሚስት ስለሆናችሁ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ። ሌላ አስጎብኚ አፍሮ ያልፈዋል፣ ከዚያ እንግዳው ደጅ ላይ ይደናገራል። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፤ ባለትዳሮች በዋዜማው አብረው ካደሩ፣ ሴትም በወር አበባዋ ጊዜ፣ ውስጥ አይገቡም፣ በዐጸዱ ሆነው ይሳለማሉ። የሽርሽር ሌሊት ደግሞ የሽርሽር ሌሊት ነው። ስለዚህ የዘጌን ቀን ሆቴል ገብታችሁ በነጋታው ከምትወስኑ አዲስ አበባ ሳላችሁ ወስኑት። የቀረው በእናንተና በንስሐ አባታችሁ መካከል ነው። ነጠላ ያዢ፣ ጫማው በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። ዝርዝር ብርም ያስፈልጋችኋል፤ ገዳማቱ መግቢያ የሚያስከፍሉት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው።

ጀልባ የሚከራየው ሙሉውን ነው፤ «በሰው ይህን ያህል» የሚላችሁ ደላላ ካለ እለፉት። ዋጋውን ስትነጋገሩ የትኞቹ ቦታዎች እንደምትቆሙና በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ አብራችሁ ተነጋገሩ። ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሕይወት አድን ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መኖሩን በዐይናችሁ እዩ፣ ልበሱትም።

ስትመለሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ ቀኑ የባለቤትሽ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ዛፍ የሞላባቸው ግቢዎች በአንዱ ተቀመጡ፤ ማንጎ ፓርክ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ይበዛበታል፣ ጫጫታ ካልወደዳችሁ ከሆቴሎቹ የአንዱ ግቢ ይሻላል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ ይምጣላችሁ፤ ጎን ጎኑ ተተልትሎ፣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር። በእጅ ነው የሚበላው፤ ሹካ ይዞ የሚታገለው ሰው እሾህ ይውጣል። እሾህ የሚፈራ ጎላሽ ወይም ዱለት ይዘዝ። አምባዛ ለኔ ስቡ ይበዛብኛል፤ ወዳጆቼ ግን በዚህ ይስቁብኛል። ዓርብ ማታ ዓሣ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ምግብ ቤቶቹ ያቀርባሉ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ሐይቁ ውስጥ ግን አትዋኙ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ትሞቃለች፤ ከክረምት በኋላም ወባ አለ። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ጢስ ዓባይን እሑድ አድርጉት። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምትመጡበት ወቅት ጥሩ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ ወንዙ ሞልቶ እስከ 400 ሜትር ስፋት ይዞ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወረወራል፤ በጥቅምት መጨረሻ መጉደል ቢጀምርም ጢሱ ገና አለ። ሚያዝያ ላይ የመጣ ሰው ግን «ይህ ነው እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል። እውነቱን ነው፤ ከፏፏቴው አጠገብ በ1956 ዓ.ም. ከዚያም በ1993 ዓ.ም. የኃይል ማመንጫዎች ሥራ ጀመሩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ፤ እሱ ውሃውን የሚወስደው በዋሻ አድርጎ ከሐይቁ ነው። በበጋ ለፏፏቴው የሚተርፈው ጥቂት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እዚህ ቦታ በአካል ይታያል። ወደ ፏፏቴው ስትወርዱ የምትሻገሩት የድንጋይ ድልድይ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ሶሉ የለሰለሰ ጫማ አታድርጊ።

አሁን የማይታለፈው ጉዳይ፣ መንገድ። ዛሬ ባለው ሁኔታ በአውሮፕላን ኑ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጡ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ሦስት ሌሊት ብቻ ይዞ መንገድ ተዘጋ አልተዘጋ እያሉ መጨነቅ ሽርሽር አይደለም። ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደውንም መንገድ በዕለቱ ጠዋት የሆቴላችሁን ሰዎችና ሾፌሩን ጠይቁ። «ዛሬ ይቅር» ካሏችሁ ይቅር፤ አትከራከሩ። ያን ቀን በጀልባ ደብረ ማርያም ሄዳችሁ ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ ሲወጣ እዩ። በማለዳ ወይም ሲመሽ ጉማሬ ይታያል፤ ባለጀልባው «ላስጠጋችሁ» ቢል እንቢ በሉ፣ ጉማሬ ቀልድ አያውቅም። ማታም በጊዜ ግቡ።

ዓርብ ስትደርሱ ዕቃችሁን ጥላችሁ፣ ትንሽ አርፋችሁ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ቤዛዊት ውጡ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ ካሜራ ከማዞራችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ፤ የምትወጡት ከታች ዓባይን ለማየት ነው። ስትወርዱ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩት። 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መሄጃው ሰፊ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግማሹ ከተማ እዚያ ላይ ይንሸራሸራል። ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ቀስ ብለው የሚሄዱበት መንገድ ብዙ አያገኙም። ከተማ መሐል ያለው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ ግንብ አለ፤ ካለፋችሁበት አይታችሁ እለፉ፣ ብላችሁ ግን አትሂዱ።

አዝማሪ ቤት ከሄዳችሁ ከፊት አትቀመጡ። አዝማሪው ስማችሁን ጠይቆ፣ ዘጠኝ ዓመት መኖራችሁን ሰምቶ፣ ባለቤትሽን በሰም አመስግኖ በወርቁ ይወጋዋል። ያኔ ስቆ ብር ግንባሩ ላይ መለጠፍ ነው፤ የሚኮሳተር ባል ሁለተኛ ግጥም ይጨመርለታል። ዝርዝር ብር ያዙ ያልኩት ለገዳም ብቻ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ምንም አልጻፍኩላችሁም። እስከ አውሮፕላኑ ሰዓት ሐይቅ ዳር ቡና ጠጡ፣ ይብራውንና ፔሊካኑን እዩ፣ ባለቤትሽ ይተኛ።

ለእናትሽ የዘጌ ቡና ውሰጂላት። ከዑራ ስትወርዱ መንገድ ዳር የሚሸጡት እናቶች አሉ፤ የተፈለፈለውን ጥሬውን ግዢ፣ የተቆላው አዲስ አበባ እስኪደርስ ሽታው ይሄዳል። እፍኝ ሙሉ ዘግኚና ጨብጪው፤ እጅሽ ላይ እርጥበት ከተረፈ ገና አልደረቀም፣ ሻንጣ ውስጥ ይሻግታል። እናትሽ ጠላ የምትጠምቅ ከሆነች ደግሞ ከቡናው ይልቅ የዘጌን ጌሾ ስታይ ነው የምትመርቅሽ። ቅጠሉ ቀላል ነው፣ ኪሎ አይሞላብሽም፤ ብቻ ከልብስሽ ለይተሽ ቋጥሪው፣ ሽታው አይለቅም።